ጎማ ሲተነፍስ፦ መቆሚያ መምረጥ፣ መቀየርና ጎሚስታ ቤት መድረስ

አዲስ አበባ ውስጥ ጎማችሁ መተንፈሱን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነግራችሁ መኪናው ሳይሆን ሰው ነው። የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ የታክሲውን ጎን ይደበድባል፤ መንገድ ልታቋርጥ የቆመች ተማሪ ጣቷን ወደ ኋላ ጎማችሁ ትቀስራለች፤ ሊስትሮው ብሩሹን እንደያዘ «ጎማ! ጎማ!» ይላል። እኔም አንድ የክረምት ምሽት ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ወደ ለገሃር ስወርድ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ እንዲሁ ተነገረኝ። እጄን አንስቼ አመሰገንኩና መንገዴን ቀጠልኩ። የማውቀው ጎሚስታ ሜክሲኮ አካባቢ ነበር፤ «ምን አለበት፣ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ» አልኩ። ደረስኩም። መድረሴ ምን እንዳስከፈለኝ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጎማ ከተነፈሰ በኋላ ትልቁ ውሳኔ አንድ ነው፤ የት ልቁም? ዳዶ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያስረውን ብሎን፣ መፍታትና ማጥበቅ የጉልበት ሥራ ነው፤ ጉልበት ደግሞ በዚህ ከተማ ከመንገድ ዳር አይጠፋም። መቆሚያውን ግን ማንም አይመርጥላችሁም፤ የምትመርጡትም መሪ እንደያዛችሁ፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነው።

አስቀድሞ፦ የዕቃ መጫኛውን ክፈቱ

ዛሬ ማታ መኪናችሁን ስታቆሙ ከኋላ ያለውን ምንጣፍ አንስታችሁ እዩ። ስኮርታው፣ ማለትም ተጠባባቂው ጎማ፣ አለ? ንፋስስ አለው? መኪና ማንሻው ክሪክና የዳዶ መፍቻው በቦታቸው ናቸው? ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው መፍቻው እንደሌለ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ላይ ቆሞ ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ደግሞ ከዳዶዎቹ አንዱ ለሌባ መከላከያ ተብሎ የተለየ ቁልፍ ይፈልጋል። ያ ትንሽ ቁልፍ ከጠፋ ክሪኩም ስኮርታውም ጌጥ ናቸው።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ይህን ፍተሻ በተለይ አትዝለሉት። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን ስኮርታ ይዘው አይመጡም። በቦታው የምታገኙት ከመኪናው መብራት የምትሠራ ትንሽ የንፋስ መሙያና አንድ ጠርሙስ መድፈኛ ፈሳሽ ነው። እርሱም ቢሆን የአገልግሎት ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

ሌላው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፦ አንጸባራቂ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት፣ ሁለት ታኮ፣ ከክሪኩ ሥር የሚገባ አንድ ጠፍጣፋ የጣውላ ቁራጭ። ጣውላው ለምን እንደሚያስፈልግ ኮብልስቶን ላይ ክሪክ አቁሞ የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም።

አንድ፦ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች

የፊት ጎማ ሲተነፍስ መሪው ይነግራችኋል። ይከብዳል፣ መኪናውም ወደ ተነፈሰው ጎማ በኩል ይጎትታል። የኋላ ጎማ ግን ተንኮለኛ ነው። መሪው ደህና ይመስላል፤ የሚወዛወዘው የመኪናው ጭራ ነው፣ ተራ በሆነ መታጠፊያ ላይ እንኳ ከኋላ የሚገፋችሁ ያለ ይመስላል። ብዙ ሰው «መንገዱ ነው» ብሎ የሚያልፈው ይህን ነው። ሬዲዮውን ዝቅ አድርጉና አዳምጡ፤ ዱብ ዱብ የሚል፣ ከፍጥነታችሁ ጋር የሚፈጥንና የሚዘገይ ድምፅ ካለ ጎማ ነው።

ጎማው በድንገት ከፈነዳ እግራችሁ ሳይጠይቃችሁ ወደ ፍሬን ይሄዳል። ከልክሉት። ፍሬን በኃይል ሲረገጥ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይወረወራል፤ ንፋስ የሌለው ጎማ ያንን ክብደት መሸከም ስለማይችል መኪናው ወደ አንድ ወገን ይዞራል፤ ጎማውም ከቸርኬው፣ ማለትም ከተገጠመበት ብረት፣ ሊወልቅ ይችላል። ይልቅስ መሪውን በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ቀስ አድርጋችሁ አንሱ። የተነፈሰው ጎማ ራሱ መኪናውን ስለሚጎትት ፍጥነቱ ይወርዳል። ማኑዋል ማርሽ ከሆነ ፍሪሲዮን (ክላች) አትርገጡ፣ ወደ ዜሮም አታውጡ፤ ሞተሩ እንዲይዝላችሁ በነበራችሁበት ማርሽ ቆዩና ፍጥነቱ ሲወርድ አንድ ማርሽ ቀንሱ። አውቶማቲክ ከሆነ ባለበት ተዉት። ፍሬን የሚነካው ፍጥነቱ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው፤ ያውም በልስላሴ።

ይህ ሁሉ ለሜዳ መንገድ ነው። መሃል አዲስ አበባ ደግሞ ሜዳ አይበዛም። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ፖስታ ቤት፣ ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ ስትወርዱ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫ ብታነሡም መኪናው አይዘገይም፤ እንዲያውም ይፈጥናል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሱ፤ ፍሬኑንም ቀጥ ባለው መንገድ ላይ፣ ሳትቆርጡና ሳትረግጡ፣ በአንድ ዓይነት ቀላል ግፊት ያዙት። መታጠፊያ ላይ ሳትደርሱ ፍጥነታችሁን መጨረስ አለባችሁ።

መኪናው እጃችሁ ከገባ በኋላ አራቱን ፍሬቻ አብሩ፣ የኋላ መመልከቻውን እዩ፣ ወደ ቀኝ ተጠጉ። ወደ ቀኝ ስትጠጉ ጎናችሁን ዞራችሁ እዩ። ሞተርሳይክል መግቢያ ቀዳዳ የሚፈልገው በትክክል እናንተ በምትዘገዩበት ሰዓት ነው።

ሁለት፦ የት ልቁም?

የምትፈልጉት ቦታ ሜዳ፣ ጠንካራ፣ ከመኪና መተላለፊያ የወጣና ከኋላ ከሩቅ የሚታይ ነው። አራቱን ባንድ ቦታ ማግኘት ብርቅ ነው። ካላገኛችሁ በመጨረሻ የምትለቁት ከመተላለፊያ መውጣቱን ይሁን። ወደ ውስጥ የሚያስገባ የቀኝ መንገድ ካለ ከዋናው መንገድ ዳር ይልቅ እርሱ ይሻላል፤ ታጥፋችሁ ሃያ ሠላሳ ሜትር ግቡ።

የማትቆሙባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። አደባባይ ውስጥ አትቁሙ፤ ውጡና ቁሙ። ድልድይ ላይ አትቁሙ፤ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ጎማችሁ ቢተነፍስ በሰው እርምጃ ፍጥነት ተሻገሩት። መታጠፊያን አልፎ ወዲያው መቆም አደገኛ ነው፤ ከኋላ የሚመጣው የሚያያችሁ ሲደርስባችሁ ነውና። ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት መቆም እንደማይፈቀድ ታውቃላችሁ። እዚያ ከተነፈሰባችሁ አራቱን ፍሬቻ አብርታችሁ በቀስታ እለፉት፤ ጥበቃ ካስቆማችሁም ከመኪናው ከመውረዳችሁ በፊት መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ ምን እንደገጠማችሁ ተናገሩ።

ከሜክሲኮ በለገሃር አድርጎ ወደ ስታዲየም በሚያልፈው መንገድ መሃል በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ምሰሶዎች አሉ። በግራ ረድፍ ላይ ሳላችሁ ጎማ ቢተነፍስ ምሰሶው ሥር መጠጋት መጠለያ ይመስላል። አይደለም። በግራ ከቆማችሁ ተሳፋሪ የሚወርድበት የቀኝ በር የሚከፈተው ፈጣን መኪና በሚያልፍበት በኩል ነው፤ ወደ እግረኛ መንገድ ለመድረስም መንገዱን ማቋረጥ አለባችሁ። ጥቂት ሜትር ጎማውን ብትጎዱም ወደ ቀኝ ውጡ።

መስቀል አደባባይ ላይ ደግሞ የመንገዱ ስፋት ያታልላል። ሰፊ ስለሆነ የሚያልፉኝ ይመስላችኋል፤ ግን አብዛኛው አሽከርካሪ ረድፉን የሚመርጠው እዚያው እየሄደ ነው። መሃሉን ለቅቃችሁ ውጡ። ዝናብ ከሆነና ጎማው ገና ጨርሶ ካልወረደ፣ ከአደባባዩ ሥር ያለው መኪና ማቆሚያ ሜዳ፣ ደረቅና ብርሃን ያለበት ነው፤ ከዚያ የተሻለ የጎማ መቀየሪያ በአካባቢው አላውቅም።

በኮሪደር ልማት የተሠሩት መንገዶች ነገሩን ቀላልም ከባድም አድርገውታል። በየቦታው ለመኪና ማቆሚያ የተተወ ኪስ አለ፤ ከደረሳችሁበት እሰየው። በሌላው ቦታ ግን የጠርዙ ድንጋይ ከፍ ያለ ነው፣ ከጎኑም የብስክሌት መንገድ አለ። በተነፈሰ ጎማ ያንን ጠርዝ ለመውጣት አትሞክሩ። ንፋስ የሌለው ጎማ ጎኑ በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቀርቅሮ ይቆረጣል፤ ቸርኬውም ይጣመማል። ብስክሌት መንገዱ ላይ መቆም ደግሞ ከቅጣቱ በፊት ሰው ያስጎዳል።

አሁን ወደዚያ የክረምት ምሽት ልመለስ። ሜክሲኮ ደርሼ ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው አውጥቶ አንድ ጊዜ ገልበጥ ሲያደርገው፣ እንደ ተፈጨ ቡና ያለ ጥቁር ብናኝ እግሩ ሥር ተዘረገፈ። በጣቱ ከውስጥ በኩል ጎኑን ሲዳብስ ላስቲኩ ተልጦ ክሩ ይታይ ነበር። የገባችው ሚስማር ከጎማው ጠርዝ ርቃ መሃል ላይ ነበረች፤ በአንድ ልጣፊ የምትድን። «ወንድሜ፣ ይህን ጎማ ሚስማር አልገደለውም» አለኝና ብናኙን በጫማው ወደ ዳር ገፋው። ሌላ ነገር አልተናገረም፤ አዲስ ጎማ ገዛሁ።

እንግዲህ በተነፈሰ ጎማ ምን ያህል ርቀት ይነዳል ለሚለው መልሴ፦ ከአደጋ ለመውጣት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት። ጨርሶ የወረደን ጎማ ጥቂት መቶ ሜትር እንኳ ሊጨርሰው ይችላል፤ ከዚያ ሲያልፍ ተራው የቸርኬው ነው። የቆማችሁበት ቦታ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ጎማውን ሠዉት። ሜክሲኮ ያለው ጎሚስታ ግን የሕይወት ጉዳይ አይደለም። ያለ ንፋስ እንዲሄዱ ተብለው ጎናቸው ተጠናክሮ የተሠሩ ጎማዎች አሉ፤ እነዚያ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት እስከ 80 ኪሎ ሜትር ርቀት ይወስዳሉ። መኪናችሁ እንዲህ ያለ ጎማ እንዳለው የምታውቁት በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው፤ ሻጩ ስላለ ብቻ አትመኑ።

ሦስት፦ ክሪኩን ከማውጣታችሁ በፊት

የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ማኑዋል ከሆነ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ማቆሚያው ላይ አድርጉ። ከዚያ ሞተሩን አጥፉ፤ አራቱ ፍሬቻ ይብራ። ተሳፋሪዎች በቀኝ በር ወርደው እግረኛ መንገድ ላይ ይቁሙ፤ ልጅ ካለ እጁ ይያዝ። ምልክቱን ከመኪናው ኋላ ሠላሳ እርምጃ ያህል ወስዳችሁ አቁሙ፤ ቁልቁለት ወይም መታጠፊያ ከሆነ ራቅ አድርጉ። ምልክት የሌለው ሰው ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ቆርጦ መንገድ ላይ ይጥላል፤ ያገራችን አሽከርካሪ ሁሉ የሚረዳው ቋንቋ ነው፣ ሌሊት ግን አይታይም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መናገሩ ባያስደስትም። «ጎማህ ተንፍሷል» ብሎ የሚጠቁም ሰው ሁሉ ለእርዳታ ብቻ አይደለም። እናንተ ጎንበስ ብላችሁ ጎማ ስታዩ በሌላው በር ስልክ ወይም ቦርሳ የሚያነሣ ይኖራል። ሳትወርዱ መስኮቱን ዝጉ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ አድርጉ፣ በሩን ቆልፉ። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ የሚረዳችሁን ሰው ያለ ጥርጣሬ መቀበል ትችላላችሁ፤ አብዛኛው በእውነት ሊረዳ ነው የሚመጣው።

ከሚነሣው ጎማ በሰያፍ ባለው ጎማ ሥር ታኮ አድርጉ፤ የፊት ቀኝ የሚነሣ ከሆነ የኋላ ግራ ይታገዳል። ቁልቁለት ከሆነ ታኮው ከፊት፣ ዳገት ከሆነ ከኋላ ነው። ድንጋይም ይሠራል። ነገር ግን ሥራ ሲያልቅ ድንጋዩን አንሥታችሁ ከመንገድ አውጡ። በዚህ ከተማ የሌሊት ጎማ ከሚያፈነዱት አንዱ ከእኛ በፊት ጎማ የቀየረ ሰው ትቶት የሄደው ድንጋይ ነው።

አራት፦ መቀየር

መኪናው መሬት ላይ እንዳለ፣ ሳይነሣ፣ ዳዶዎቹን ወደ ግራ ግማሽ ዙር ብቻ አላሉ። መኪናው ከተነሣ በኋላ የጠበቀ ዳዶ ለመፍታት መታገል መኪናውን ከክሪክ መጣል ነው። ጎሚስታ ቤት በአየር መሣሪያ የተጠረቀመ ዳዶ በአጭር የመኪና መፍቻ አልላላ ሊል ይችላል፤ መፍቻውን ወደ ግራ ጎን አግድም አድርጋችሁ ጫፉን በእግር ወደ ታች ግፉት። አትዝለሉበት። ባለ መስቀል መፍቻ የያዘ ሰው ይህን ችግር አያውቀውም።

ክሪኩ የሚገባበትን ቦታ ገምታችሁ አታስገቡ። ብዙ መኪና ላይ ከበሩ ሥር ባለው የብረት ጠርዝ፣ ከጎማው አጠገብ፣ ሁለት ቆረጥ ቆረጥ ያሉ ምልክቶች አሉ፤ ክሪኩ የሚገባው በመካከላቸው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ በጣም ተጠንቀቁ፤ ወለሉ ሥር የተዘረጋው ባትሪው ነው፣ ክሪክ እርሱን መንካት የለበትም። መሬቱ ኮብልስቶን ወይም ዝናብ ያረሰረሰው አፈር ከሆነ ጣውላውን ከክሪኩ ሥር አንጥፉ።

ማንሣት ከመጀመራችሁ በፊት ስኮርታውን አውጡና ከክሪኩ አጠገብ መኪናው ሥር አጋድሙት። ክሪኩ ቢንሸራተት መኪናው የሚያርፈው ጎማው ላይ ይሆናል። በኋላ የተነፈሰውን ስታወጡ ቦታ አለዋውጧቸው። እግርም እጅም ጭንቅላትም ከመኪናው ሥር አይግባ፤ የወደቀ ዳዶ ለማንሣትም ቢሆን።

ጎማው ከመሬት ሲላቀቅ ማንሣቱን አትተዉት። ንፋስ ያለው ጎማ ከተነፈሰው የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ሌላ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጉ። ዳዶዎቹን ፈትታችሁ ኪስ ወይም ጨርቅ ላይ አስቀምጡ፤ ቱቦ አፍ አጠገብ አታስቀምጡ። ቸርኬው በዝገት ተጣብቆ እምቢ ካለ ቁጭ ብላችሁ በጫማችሁ ሶል ከግራና ከቀኝ እያፈራረቃችሁ በቀስታ ምቱት።

ስኮርታውን ስታስገቡ ቫልቮላው፣ ማለትም የንፋስ መሙያው አፍ፣ ወደ ውጭ ይሁን። የዳዶው የሾጠጠው ወገን ወደ ቸርኬው ይዞራል፤ ተገልብጦ የገባ ዳዶ የጠበቀ ይመስልና መንገድ ላይ ይላላል። ሁሉንም መጀመሪያ በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ በመፍቻ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ፤ ቅደም ተከተሉም ጎን ለጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ነው። አምስት ዳዶ ካለ እየዘለላችሁ፣ ኮከብ እንደምትስሉ። መኪናውን አውርዱና በዚያው ቅደም ተከተል በደንብ አጥብቁ። ለትንንሽ የቤት መኪናዎች የሚፈለገው ጉልበት ከ100 ኒውተን ሜትር ብዙም አይርቅም፤ በመኪናው መፍቻ አንድ አዋቂ ሰው በእጁ አጥብቆ ሲጎትት የሚደርስበት ነው። በሁለት እግር መቆም አያስፈልግም። ዘይትም ግሪስም ብሎኑ ላይ አትቀቡ።

አምስት፦ በስኮርታ መንዳት

ስኮርታው ቀጭን ከሆነ፣ ጎኑ ላይ 80 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አትሂዱብኝ ማለቱ ነው። እኔ ግን መሃል ከተማ ውስጥ ከ40 ባታሳልፉት ደስ ይለኛል። መሬት የሚነካው ቦታ ጠባብ በመሆኑ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዙ መኪናው ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው፤ ከፊት ካለው መኪና ከለመዳችሁት እጥፍ ራቁ። እንዲህ ያለው ጎማ የሚሞላው 60 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ፣ ማለትም 4.2 ባር ነው፤ ከሌሎቹ ጎማዎች እጥፍ ገደማ። ይህን የማያውቅ ጎሚስታ እንደሌሎቹ 32 ሞልቶ ይሰዳችኋል፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውን አሳዩት።

አብዛኞቹ ትንንሽ የቤት መኪናዎች የሚጎተቱት በፊት ጎማ ነው። የተነፈሰው የፊት ከሆነ ቀጭኑን ስኮርታ ፊት ላይ አታስገቡ። መጀመሪያ ስኮርታውን ኋላ አስገቡና ከዚያ ያወጣችሁትን ደህና ጎማ ወደ ፊት አምጡ። ሁለት ጊዜ ክሪክ ማቆም ያሰለቻል፤ አውቃለሁ። ግን መሪውም፣ ጉልበቱም፣ የፍሬኑ አብዛኛው ሥራም ፊት ነው ያለው። ከዚህም ሌላ መጠናቸው የተለያየ ሁለት ጎማዎች ፊት ላይ ሲሆኑ የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ያለ እረፍት ይሠራል። ዝናብ እየዘነበ፣ ጨለማ ውስጥ፣ የምትሄዱትም እስከሚቀጥለው ጎሚስታ ብቻ ከሆነ ግን በቀስታ ሂዱ፤ አልፈርድባችሁም።

በስኮርታ ሳላችሁ የዳሽቦርድ መብራት ቢበራ አትደንግጡ፤ የጎማዎቹ መጠን ስለተለያየ መኪናው ተደናግሮ ሊሆን ይችላል። ውሃ የተጠራቀመበትን ቦታ አትድፈሩ፣ ጉድጓዱ አይታይምና። ወደ አዳማ የሚወስደውን ፈጣን መንገድ በቀጭን ስኮርታ አትግቡበት፤ እስከ 120 በሚነዳበት መንገድ ላይ 80 ይዞ መሄድ ለእናንተም ለሌላውም ፈተና ነው።

ስኮርታው እንደሌሎቹ ሙሉ መጠን ካለው ነገሩ ይቀላል፤ ግን ዕድሜውን እዩ። ጎኑ ላይ ካሉት ቁጥሮች መጨረሻ አራት አሃዝ ታገኛላችሁ፤ 2315 ከሆነ በ2015 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ፣ ፀሐይ ያላየ ስኮርታም ያረጃል። አሥር ዓመት ያለፈውን አትመኑት።

የቀየራችሁትን ጎማ ዳዶ በማግስቱ ጠዋት ደግማችሁ አጥብቁ። ምክሩ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ነው፤ ከተማ ውስጥ ግን ኪሎ ሜትር ከመቁጠር ማግስቱን ማስታወስ ይቀላል።

ስድስት፦ ሚስማሩ ከታየ፣ ወይም ስኮርታ ከሌለ

ጎማው ግማሽ ያህል ወርዶ ሚስማሩ ተሰክቶ ካያችሁ አትንቀሉት። ቀዳዳውን የደፈነው እርሱ ነው። ንፋስ ሙሉበት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከያዘ በቀጥታ ወደ ቅርቡ ጎሚስታ ሂዱ። ቤት ደርሼ ነገ አሠራዋለሁ ማለት ነገ ጠዋት በር ላይ በቸርኬ የቆመ መኪና ማግኘት ነው።

መድፈኛ ፈሳሹ የሚሠራው መሬት በሚነካው የጎማው ፊት ላይ ላለ ትንሽ ቀዳዳ ነው። ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ፈሳሹ መንገዱን ከማርጠብ ያለፈ ጥቅም የለውም። ከሞላችሁበት በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር በቀስታ ነድታችሁ ቁሙና ደግማችሁ ለኩ፤ ከወረደ በዚያ ጎማ ጉዞ አበቃ። ጎሚስታውን ውስጡ ፈሳሽ እንዳለ ቀድማችሁ ንገሩት። ሳታስጠነቅቁት የከፈተው እንደሆነ ልብሱ ላይ ይደፋል፤ ስድቡም ተገቢ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና በገመድ አታስጎትቱ። ጎማዎቹ መሬት ላይ ሲሽከረከሩ ሞተሩም አብሮ ይዞራል፤ ጉዳቱ ከጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሙሉ በሙሉ የሚጭን መኪና ይጠራ፤ ካልሆነ ጎማውን ፈትታችሁ በታክሲ ወደ ጎሚስታው ውሰዱት። ጎሚስታውንስ ወደ መኪናው ማምጣት? ይቻላል፤ ብዙዎቹ በሞተርሳይክል ይመጣሉ።

ሰባት፦ ጎሚስታ ቤት

ጎሚስታ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ፣ ካላማዳሪያ፤ ጣሊያን ቃላቱን ትቶልን ሄደ፣ እኛም ሥራውን የራሳችን አደረግነው። ጥሩ ጎሚስታ የሚታወቀው በውሃ ገንዳው ነው። ጎማውን ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን አንድ ቦታ ካገኘ በኋላ እንኳ ሁለተኛ እንዳለ ለማየት ሙሉ ዙር ያዞረዋል። አንዱን አግኝቶ የሚያቆም ጎሚስታ በሦስተኛው ቀን ይመልሳችኋል።

ጎማው ተንፍሶ ጥቂትም ቢሆን ከተነዳበት፣ ከቸርኬው ወጥቶ ውስጡ ይታይላችሁ በሉ። ጥቁሩ ብናኝ ካለ አበቃ፤ ከውጭ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ጎኑ ተፈጭቷል። ብናኝ ከሌለ፣ ቀዳዳውም ፊቱ ላይ ሆኖ ከ6 ሚሊ ሜትር ካልሰፋ ይጠገናል። ከውጭ በመርፌ የሚሰካው የላስቲክ ገመድ ለችኮላ ይሆናል፤ እኔ የምመርጠው ከውስጥ የሚለጠፈውን ነው፤ ለመለጠፍ ሲከፈት ውስጡም አብሮ ይታያልና። ጎን ላይ ያለ ቀዳዳ አይለጠፍም። «እኔ እለጥፈዋለሁ፣ ምንም አይሆንም» የሚላችሁ ካለ ሌላ ጎሚስታ ፈልጉ። ጎኑ የቆሰለ ቱብለስ፣ ማለትም የውስጥ ላስቲክ የሌለው፣ ጎማ ውስጥ ካላማዳሪያ የሚባለውን የውስጥ ላስቲክ ከትቶ መስጠትም የተለመደ ነው፤ ካላማዳሪያው ንፋስ ይይዛል እንጂ የተቆረጠውን ክር አይቀጥልም።

ንፋሱን ሲሞላ «ስንት ላድርገው?» ብሎ ከጠየቃችሁ መልሱ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ሳይጠይቅ ጠንከር አድርጎ የሚሞላ ብዙ ነው። የበለጠ የተነፋ ጎማ መሃሉ ብቻ መሬት ስለሚነካ ዝናብ ላይ ያንሸራትታል። የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ሲጠና ቀን ከለካችሁት 1 ወይም 2 ፒኤስአይ ወርዶ ብታገኙት ቀዳዳ አይደለም፤ ብርዱ ነው።

ጎማው ሲመለስ ዳዶው በመጨረሻ በእጅ መፍቻ እንዲጠብቅ ጠይቁ፤ ቀጣዩን ጊዜ መንገድ ላይ የምትፈቱት እናንተ ናችሁ። ስኮርታው ደግሞ ንፋሱ ተለክቶ ወደ ቦታው ይግባ፤ ክሪኩ፣ መፍቻው፣ የሌባ መከላከያው ቁልፍ፣ ጣውላውም አብረው። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቁጠሯቸው። የእኔ መፍቻ ሁለት ጊዜ ጎሚስታ ቤት ቀርቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ የረሳሁት እኔ ነኝ።